ማን ሠራው፤ ለምንስ ሠራው?

በአንድ መንደር ክፉ ሥራ ተሠርቶ በተገኘ ጊዜ የሰው ሁሉ አፍ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ሠራው?» ብሎ ነው። ጥያቄው የተገባ ነው፤ ወንድሙ የተገደለበት፣ በሬው የተነዳበት ወይም ጎተራው የተሰበረበት ሰው በዳዩን ሳያውቅ ዕንቅልፍ አይወስደውም። ነገር ግን በዳዩ ታውቆ፣ ተይዞና ተፈርዶበት ካለቀ በኋላ አንድ ሌላ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል፤ ይኸውም «ለምን ሠራው?» የሚለው ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ አይወዱትም፤ ለበዳዩ ምክንያት ለመፈለግ የሚጠየቅ ይመስላቸዋልና። እኔ ግን እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለይቶ አለማወቅ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ በገዛ አፌ ባደረስሁት በደል ስላየሁት፣ ለወጣት አንባቢዎች ጥቂት ነገር ልጽፍ አሰብሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ የእኅቴ ልጅ ነው። እንጅባራ ላይ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ውጤቱን በሚጠባበቅበት ክረምት ዳንግላ ወዳለው ቤቴ መጣ። ልጁ ትጉህ ነው፤ ጥያቄም ያበዛል። አንድ ማታ ድንች ቀቅለን እየበላን ሳለ «አጎቴ፤ ክሪሚኖሎጂ ልማር አስቤአለሁ» አለኝ።

«ምን የሚማሩበት ነው?» አልሁት።

«ደምና የጣት አሻራ እየመረመሩ ነፍሰ ገዳይ የሚይዙበት ነዋ!»

በስልኩ የሚያያቸው ፊልሞች እንደዚህ አስተምረውት ኖሯል። በእነዚያ ፊልሞች ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች አንዲት ጠጕር ከምንጣፍ ላይ ያነሡና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነፍሰ ገዳዩን በስሙ ይጠሩታል። «ልጄ፤ ያልኸው ክሪሚኖሎጂ አይደለም፤ ፎረንሲክ ሳይንስ የሚባለው ነው» ብለው አላመነኝም። የአዊን ክረምት የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። ስለዚህ ሦስት ቀን ያህል በዚሁ ነገር ስንከራከር ሰነበትን።

ከስማቸው እንነሣ። ፎረንሲክ የሚለው ቃል የመጣው ከላቲን ነው። «ፎሩም» ማለት በጥንት ሮማውያን ዘንድ ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ገበያ የሚቆምበት፣ ክርክርም የሚሰማበት አደባባይ ነበር። እንግዲህ ፎረንሲክ ማለት የአደባባይ፣ የሸንጎ ማለት ነው። ሮማውያን በፎሩም እንደ ተሟገቱ የእኛም አባቶች በዋርካ ጥላ ሥር ተሟግተዋልና ነገሩ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ፎረንሲክ ሳይንስ ኬሚስትሪን፣ ባዮሎጂንና ሕክምናን ከላቦራቶሪ አውጥቶ በሸንጎ ፊት የሚያስመሰክር ዕውቀት ነው። ክሪሚኖሎጂ ደግሞ ወንጀል ከሚለው የላቲን ቃልና ዕውቀት ከሚለው የግሪክ ቃል የተጋባ ስም ነው፤ ኢጣሊያዊው የሕግ ሊቅ ራፋኤለ ጋሮፋሎ በ1885 እ.ኤ.አ. ላሳተመው መጽሐፍ በዚህ ስም ከጠራው ወዲህ በዓለም ታወቀ።

ፎረንሲክ የሚነጋገረው ከአንድ ነገር ጋራ ነው። ይህ ደም የማን ነው? ይህ ጥይት ከየትኛው ጠመንጃ ወጣ? ይህ ፊርማ የእርሱ ነው ወይስ የተመሳሰለ? ይህ ሰው ውሃ ውስጥ የገባው ሞቶ ነው ወይስ በሕይወቱ? ክሪሚኖሎጂ ግን የሚነጋገረው ከሰዎች ጋራ ነው። ከአንድ እናት ከተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ገበሬ ሲሆን ሁለተኛው ስለ ምን ሌባ ሆነ? በአንድ ወረዳ የድንበር ግድያ በዝቶ በሌላው ስለ ምን አነሰ? ወኅኒ ቤት የገባ ሰው ታርሞ ይወጣል ወይስ ከፍቶ? ሰው ወንጀለኛ ተብሎ ከተጠራ በኋላስ ምን ይሆናል? ለመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች የሚበጀው አጉሊ መነጽር ነው። ለሁለተኛዎቹ ግን የፍርድ ቤት መዝገብ ማገላበጥ፣ ቍጥር መቍጠር፣ ከእስረኛውና ከእናቱ ጋራ ተቀምጦ ማውራት ያስፈልጋል።

የእኅቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጨለመ። «እንግዲያውስ ደስ የሚለው ፎረንሲኩ ነው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ታሪኩ ደስ ያሰኛል፤ እኔም ሁለት ታሪክ ነገርሁት።

አንደኛው የቻይና ነው። ሶንግ ጺ የሚባል ዳኛ በ1247 እ.ኤ.አ. ስለ አስከሬን ምርመራ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ የሚል ነገር ይገኛል። አንድ ሰው በመንገድ ዳር በማጭድ ተቈራርጦ ሞቶ ተገኘ። መርማሪው ልብሱና ዕቃው እንዳልተነካ ባየ ጊዜ ይህን ያደረገው ዘራፊ ሳይሆን ቂመኛ ነው ብሎ አሰበ። ሚስቱንም ጠይቆ ባሏ ከአንድ ሰው ጋራ በገንዘብ ብድር እንደ ተቀያየመ ሰማ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሰዎች ሁሉ ማጭዳቸውን አምጥተው መሬት ላይ እንዲደረድሩ አዘዘ። ወራቱ የሙቀት ነበርና ዝንቦች መጥተው በአንዲት ማጭድ ላይ ብቻ አረፉ፤ ባለቤቷ አጥቧት ነበር፤ ዓይን የማያየውን የደም ሽታ ግን ዝንብ አላጣውም። ማጭዷም የዚያው የቂመኛው ሆና ተገኘች። እኛ አጫጆች ነንና ይህ ታሪክ ለእኛ ከማንም ይልቅ ይገባናል።

ሁለተኛው ከባድ ነው። በ1892 እ.ኤ.አ. በአርጀንቲና አገር ኔኮቼያ በምትባል ከተማ የአንዲት ሴት ሁለት ሕፃናት ልጆች ታርደው ተገኙ። እናቲቱ ፍራንሲስካ ሮሃስ ጎረቤቷን ከሰሰች። ጎረቤቱ ተይዞ ተደበደበ፣ ተሠቃየ፤ ነገር ግን አላመነም። በኋላ የፖሊስ ሹሙ ኤድዋርዶ አልቫሬስ ቤቱን ሲመረምር በበሩ እንጨት ላይ በደም የታተመ የአውራ ጣት አሻራ አገኘ። በዚያው አገር ሁዋን ቩሴቲች የሚባል ሰው የጣት አሻራ እየለየ ማስቀመጥ ጀምሮ ነበርና አሻራው ከሴቲቱ አውራ ጣት ጋራ ቢነጻጸር አንድ ሆነ። እርስዋም አመነች። በዓለም ታሪክ ነፍሰ ገዳይ በጣት አሻራ ከተፈረደባቸው ጉዳዮች የመጀመሪያው ይህ ነው ይባላል።

«አየህ!» አለ ልጁ፤ ደስታው ተመልሶ። «አሻራው ባይኖር ጎረቤቱ ይሞት ነበር።»

«እውነት ነው። ግን አሻራው እናት ልጆችዋን ስለ ምን እንደምታርድ ነገረህ?» አልሁት።

ዝም አለ። ሊያገባት የፈለገው ሰው ልጆቹን ስላልወደዳቸው ነው ይባላል። ይህም ቢሆን በቂ መልስ አይደለም፤ ስንት ሴት እንዲህ ያለ ባል ገጥሟታል፤ ልጆችዋን ግን አልነካችም።

ወደ አገራችን ስንመለስ «ማን ሠራው» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ አባቶቻችን ያልሞከሩት ነገር የለም። ሌባሻይ የሚባለውን ሽማግሌዎች ነግረዋችሁ ይሆናል። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጠውና ራሱን ሲስት በወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት እየተያዘ ይለቀቃል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ይህ ዛሬ በመጻሕፍት ብቻ የሚገኝ ነገር ሆኗል። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ግን የበለጠ ሥር ነበረው። ሌብነት ወይም ግድያ በተደረገበት አገር የሚኖሩ ሰዎች በአንድ ሜዳ ይሰበሰባሉ፤ የቀረ ይቀጣል፤ በደለኛው እስኪወጣ ድረስም ወደ ቤት መሄድ የለም። እየማለ ያየውንና የሰማውን ሁሉም ይናገራል፤ በምስጢር የሚጠቍመውም «ወፍ» ይባል ነበር።

እኔ አውጫጭኝን ጨርሶ አልነቅፈውም። አንድ ሰው የተበደለ እንደ ሆነ አገር ሁሉ ሥራውን ፈትቶ መቀመጡ ትልቅ ነገር ነው፤ በዛሬ ከተማ የጎረቤቱን ጩኸት ሰምቶ በሩን የሚዘጋ ሰው ይህን ቢያስብ ሊያፍር ይገባዋል። ዳሩ ግን ነቀፋው ይህ ነው፤ በእንዲህ ያለ ጉባኤ የሚሰበሰበው ዓይን ያየው ሳይሆን አፍ የተስማማበት የሆነ እንደ ሆነ የሚመልሰው የለም። ይህንም የምናገረው ሰምቼ አይደለም።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ 16 ዓመት በሆነኝ ጊዜ፣ ከአዲስ ቅዳም ብዙ በማይርቅ መንደራችን የአንድ ሽማግሌ ፈረስ በሌሊት ተሰረቀ። በአዊ ፈረስ ከከብት ሁሉ የተለየ ነው፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። ሽማግሌው እንደ ሰው አለቀሰ። መንደሩ በሙሉ ሊያጽናናው ፈረሱ ወደ ታሰረበት ቦታ ሮጠ፤ ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ ስለ ነበር መሬቱ ጭቃ ነው። እኛ አዝነን፣ ተራግመን፣ ወዲያና ወዲህ ተመላልሰን ስናበቃ በዚያ ጭቃ ላይ የመቶ ሰው ዱካ ታትሞበት ነበር። ፈረሱ በየት በኩል እንደ ወጣ ኮቴው ሊናገር ይችል ነበር፤ እኛ ግን በበጎ ልቡና ረግጠን አፉን ዘጋነው። ኤድሞን ሎካር የሚባለው ፈረንሳዊ በ1910 እ.ኤ.አ. በሊዮን ከተማ የፖሊስ ላቦራቶሪ አቋቁሞ ነበር፤ ከእርሱ የወረስነው ትምህርት ማንም ሰው አንድን ሥፍራ በነካ ጊዜ ከራሱ ጥቂት ትቶ፣ ከሥፍራውም ጥቂት ይዞ ይሄዳል የሚል ነው። ይህን ያን ጊዜ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ማንም ሳይጠቍም አንድ ስም ከሰዉ መካከል ወጣ። የአንድ 18 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ስም ነበር። አባቱ በሬ ሰርቀሃል ተብሎ ታስሮ እዚያው እስር ቤት ሞቷል። «ከሌባ ቤት በቀር ከየት ይመጣል?» አለ አንዱ። ሌላው «ዘር ከልጓም ይስባል» ብሎ ተረተበት። እኔ በዚያ ምሽት ብርድ ልብስ የተከናነበ ሰው ወንዙን ሲሻገር አይቻለሁ፤ ፊቱን ግን አላየሁም። ይህን ተናገርሁ። «እርሱ አይደለም?» አሉኝ። «ይመስለኛል» አልሁ። አንድ ትልቅ ሰው «ይመስለኛል አይበቃም» አሉኝና ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ። ተማሪ ነኝና ከታላላቆች መካከል ቃሌ በመሰማቱ ኮራሁ፤ «እርሱ ነው» አልሁ።

ልጁን ገረፉት። ጥቂት ቀን ታስሮ ማስረጃ ስለ ጠፋ ተለቀቀ፤ ነገር ግን ማንም እሳት አልሰጠውም፤ ማንም ለደቦ አልጠራውም። ወደ መተከል ቆላ ወረደ። ከአራት ወር በኋላ ፈረሱ በሩቅ ገበያ በአንድ ነጋዴ እጅ ተገኘ፤ የሸጡለት ሰዎችም ታወቁ፤ ከመንደራችንም ከዚያም ልጅ ጋራ አንዳች ነገር አልነበራቸውም። ይቅርታ የጠየቀው ሰው የለም፤ እኔም ጭምር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ልጅ ቆላ ላይ ከከብት ዘራፊዎች ጋራ ውሎ አደረ የሚል ወሬ መጣ። መንደሩ ይህን ሲሰማ «አላልናችሁምን!» አለ።

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ በትንሹ ነገር ውስጥ ሁለቱም ዕውቀቶች እንዴት እንደ ጎደሉ ተመልከት። ፎረንሲክ ቢኖር ኖሮ ጭቃውን ከእግራችን ጠብቆ ኮቴውን ይከተል ነበር። ክሪሚኖሎጂ ቢኖር ኖሮ ደግሞ የዚያ ልጅ ስም ከመቶ ስም መካከል ስለ ምን እንዲህ ቀልሎ ወጣ ብሎ ይጠይቅ ነበር። የፊተኛው ጉድለት አንድ ፈረስ አሳጣን፤ ፈረሱም ተመለሰ። የኋለኛው ግን አንድ ሰው አሳጣን።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ማለት የእኛ የገበሬዎች ብቻ አይምሰላችሁ። ቼዛሬ ሎምብሮዞ የሚባለው ኢጣሊያዊ ሐኪም በ1876 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ወንጀለኛ ሲወለድ ወንጀለኛ ሆኖ የተወለደ አለ፤ መንጋጋውን፣ ጆሮውን፣ የራስ ቅሉን ለክቶ ማወቅ ይቻላል ብሎ አስተማረ። ብዙዎች የክሪሚኖሎጂ አባት ይሉታል፤ እንግዲህ ይህ ትምህርት ከዚህ ያለ ስሕተት ተወልዶ እዚህ መድረሱን ሳስብ ይገርመኛል። የእንግሊዝ ወኅኒ ቤት ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ 3,000 ያህል እስረኞችን ከሌሎች ሰዎች ጋራ አስተያይቶ በ1913 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ እንዲህ ያለ የተለየ የወንጀለኛ መልክ አላገኘም። ከዚያም ክሊፎርድ ሾውና ሄንሪ መኬይ የቺካጎን ከተማ ወጣት ጥፋተኞች አድራሻ በካርታ ላይ እየነጠቡ ብዙ ዓመት ደከሙ። ያገኙትን በ1942 እ.ኤ.አ. አሳተሙት፤ በአንዳንድ የድኾች ሠፈሮች የሚኖረው ሕዝብ አንዱ ነገድ ወጥቶ ሌላው ሲገባ፣ ያም ወጥቶ ሦስተኛው ሲገባ፣ የወጣቶቹ ጥፋት ግን በዚያው ሠፈር እንደ በዛ ይኖራል። ዘሩ ሄደ፤ ችግሩ ግን ከሥፍራው ጋራ ቀረ። ፍራንክ ታኔንባውም በ1938፣ ሃዋርድ ቤከር ደግሞ በ1963 እ.ኤ.አ. የጻፉት ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ያመኛል። ሰውን ክፉ ብሎ መጥራት ራሱ ወደ ክፋት የሚገፋ እጅ ሊሆን እንደሚችል አስተምረዋልና፤ ከማኅበር የተባረረ ሰው የሚቀበለውን ማኅበር ይፈልጋል፤ የሚቀበሉትም የተባረሩት ናቸው።

የእኅቴ ልጅ እዚህ ላይ ተቈጣ። ንዴቱን ወደድሁለት፤ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነውና። «እንግዲህ ሰው ገድሎ ድህነት አስገደለኝ፤ ሰርቆ ስም አሰረቀኝ ሊል ነው?» አለኝ። ባለፈው ዓመት በመንደራቸው አንድ ሰው በእርሻ ድንበር ጠብ ጎረቤቱን ገድሎ ኖሯል፤ ሟቹን ያውቀዋል። «ለእርሱ ልጆች ሄደህ ለምን እንደ ሞተ ስትተነትንላቸው ምን ይሉሃል?» ሲለኝ ወዲያው የምመልሰው አጣሁ።

ሌሊቱን ሳስበው አደርሁ። በማግሥቱ ያልሁት ይህን ነው። በዚያ መንደር መሬት የጠበበው ለገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ለሁሉም ነው። ድንበር የተገፋባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ክስ የጓተተባቸው ብዙዎች ናቸው፤ አረቄ የጠጡም ብዙዎች ናቸው፤ ጠመንጃ ያነሣ ግን አንዱ ነው። ስለዚህ ደሙ በእርሱ ላይ ነው፤ ይህን ማንም ትንተና አያጥበውም። ነገር ግን የመሬቱ ጥበት፣ የክሱ መጓተትና የጠመንጃው መብዛት ነገም በዚያው አለ፤ እርሱ ወኅኒ ቤት ስለ ገባ አብረውት አልታሰሩም። የሟቹ ልጆች አድገው ደም እንመልሳለን ሲሉ በዚያው ጥበት ውስጥ ያድጋሉ። ለምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ከገዳዩ ላይ ጥፋት ቀንሶ በእኛ ላይ መጫን አይደለም፤ የእርሱ ጥፋት የእርሱ ነው፤ የእኛ ግዴታ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ሰው በኮሌራ ሲሞት ሐኪሙ ምንጩን የሚመረምረው ሟቹን ለማስነሣት አይደለም።

ልጁ ይህ አላጠገበውም፤ እኔንም ጨርሶ አላጠገበኝም። የሟቹን ልጆች ፊት ለፊት ቆሜ ይህን ለመናገር ዛሬም አልደፍርም።

ሕጋችን ግን ሁለቱን ጥያቄዎች ባንድ ላይ መያዙ ሊታወቅ ይገባል። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነበሩ፤ እርሱን የተካው የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በ23ኛው አንቀጽ ወንጀል ሆነ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ተሟልተው ሲገኙ ነው ይላል። ግዙፋዊው የተደረገው ድርጊት ነው፤ ፎረንሲክ ከሁሉ ይልቅ የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ሞራላዊው ግን የአድራጊው ሐሳብ ነው፤ አስቦ ነው ወይስ በቸልተኝነት? ይኸው ሕግ በ88ኛው አንቀጽ ዳኛው ቅጣት ሲወስን የጥፋተኛውን ያለፈ ኑሮ፣ ያነሣሣውን ምክንያትና የትምህርቱን ደረጃ እንዲመለከት ያዛል። ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላ ሕፃን ደግሞ በወንጀል አይጠየቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ19ኛው አንቀጽ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። ያ ልጅ በተገረፈ ጊዜ ይህ ሕገ መንግሥት አልነበረም፤ ቢኖርም ኖሮ እኛ በዛፉ ሥር የተቀመጥነው አናውቀውም ነበር።

ፎረንሲክን የመረጠ ተማሪ ደግሞ ዕቃ አይዋሽም ብሎ እንዳይታበይ አንድ ነገር ላስታውሰው። በ2004 እ.ኤ.አ. በማድሪድ ባቡሮች ላይ ፈንጂ በፈነዳ ጊዜ የአሜሪካ የምርመራ ቢሮ ባለሙያዎች በአንድ ከረጢት ላይ የተገኘው አሻራ በኦሬገን የሚኖረው ጠበቃ የብራንደን ሜይፊልድ ነው አሉ። የስፔን ፖሊስ ተጠራጠረ፤ አሜሪካኖቹ ግን በሐሳባቸው ጸኑና ሰውየውን አሰሩት። በኋላ ስፔኖች አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን ስላረጋገጡ ተለቀቀ፤ መንግሥትም ይቅርታ ጠይቆ ካሣ ከፈለው። ነገሩን የመረመረው የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ተቆጣጣሪ፣ አሻራዎቹ እጅግ መመሳሰላቸው ለመጀመሪያው ስሕተት ምክንያት እንደ ሆነ፣ ጥርጣሬ ከተነሣ በኋላ ግን የሰውየው እስላምነትና ቀድሞ ጥብቅና የቆመለት ሰው ማንነት ባለሙያዎቹ ሥራቸውን መልሰው እንዳይመረምሩ ሳያደርጉ እንዳልቀሩ ጽፏል። አሻራው አልዋሸም፤ ያነበበው ሰው ግን ስሙ ቀልሎ የወጣለትን ሰው ያዘ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያ የመንደራችን ዛፍ ትዝ አለኝ።

ለልጁ የነገርሁት ምክር አጭር ነው። ፎረንሲክ የሚሻ ኬሚስትሪውን፣ ባዮሎጂውን፣ ፊዚክሱን ያጥብቅ፤ አስከሬን የሚመረምር ሊሆን የሚሻም አስቀድሞ ሐኪም ይሁን። ከእንጅባራ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለብዙ ዓመታት አስከሬን በሚገባ ይመርመር ሲባል ሰው የሚያስበው አዲስ አበባ የሚገኘውን ምኒልክ ሆስፒታልን ነበር። ሐዘንተኞች ቀብራቸውን አቆይተው ይህን መንገድ ሲጓዙ ያየ ሰው በየአውራጃው እንዲህ ያለ ባለሙያ ቢገኝ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያውቃል። ክሪሚኖሎጂ የሚሻ ግን ሕግን፣ የኅብረተሰብ ጥናትን፣ ሥነ ልቡናንና የቍጥር ስሌትን ይማር፤ ትዕግሥትም ይኑረው፤ ጥያቄው በአንድ ሰዓት ፊልም አያልቅምና። የቱን እንደሚመርጥ አልነገረኝም፤ እኔም አልገፋሁትም።

በአራተኛው ቀን ዝናቡ ጋብ አለ። ልጁ ፈረሱ የታሰረበትን ቦታ አሳየኝ ብሎ አስቸገረኝና በመኪና እስከ አዲስ ቅዳም፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ሄድን። ቦታውን ለማግኘት ተቸገርሁ። ድሮ የግጦሽ ሜዳ የነበረው ዛሬ ለከሰል የሚቈረጥ የዲከረንስ ዛፍ ሞልቶበታል፤ ወንዙም ሳስቷል። የሽማግሌው ቤት መሠረት ድንጋይ ብቻ ቀርቷል። በዚያ ቆመን ሳለ ልጁ መሬቱን እያየ «ኮቴው በየት በኩል ሊወጣ ይችል ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ወደ መንገዱ የሚወስደውን ቁልቁለት አሳየሁት። ወደዚያ ጥቂት ሄዶ ተመለሰና «የዚያ ልጅ ቤትስ የት ነበር?» አለኝ።

በእጄ አመለከትሁት። ከወንዙ ማዶ ነበር፤ ጭስ ይወጣበታል። የልጁ ታናሽ እኅት ከነልጆችዋ በዚያ እንደምትኖር ሰምቼ ነበር፤ ሄጄባት ግን አላውቅም። የእኅቴ ልጅ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ሰበሰበና ወንዙ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ።